የሽንኩርት መጋዘኑ ጥበቃ

ሥራዋ ምን እንደሆነ ለሚጠይቃት ሰው ሁሉ መልሷ «የሽንኩርት መጋዘን እጠብቃለሁ» ነበር። ነገረኛ ጎረቤቷ አንድ ቀን፣ «የመጋዘን ሰው ሆነሽ ሽንኩርት ከገበያ ስትገዢ አየሁሽ» ብትላት፣ «የሚጠብቅ አይበላም፤ የሚበላ አይጠብቅም» ብላ አሳቀቻትና አለፈች። ልጇም ይቀልድባት ነበር። «እማዬ፣ እንዲያው ለዓመል ያህል እንኳ አንድ ራስ ሽንኩርት ይዘሽልን አትመጪም?» ይላታል።

ማድ ቤት ካለው በቀር እሷ በምትጠብቀው ግቢ ውስጥ ሽንኩርት የሚባል ነገር አልነበረም። በሩ ግራጫ ቀለም የተቀባ ብረት ነው፤ አጥሩ ከሰው ቁመት ያልፋል፤ ምልክትም ጽሑፍም የለበትም። ከበሩ ጀርባ ባሎቻቸው፣ አባቶቻቸው ወይም አሠሪዎቻቸው እጃቸውን ያነሱባቸው ሴቶች ከነልጆቻቸው የሚጠለሉበት ቤት አለ። መንግሥት አዲሱን ሕግ ያወጣ ሰሞን ነው የተከፈተው። እዚያ የሚቀጠር ሰው ሁሉ ቦታውን ለማንም፣ ለገዛ ቤተሰቡም ቢሆን፣ ላይናገር ቃል ይገባል። እሷም ገብታለች። የበሩን ቁልፎች በክር አንገቷ ላይ ስለምታንጠለጥል ሴቶቹ «እማማ ቁልፍ» ይሏት ነበር።

ጥበቃ ከመሆኗ በፊት ዕድሜዋን የፈጀችው በሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ውስጥ ነው። መስኮቱ በእንፋሎት የተሸፈነ፣ ሰው ከሰው ለመነጋገር የሚጯጯህበት ክፍል ነበር። በረኪና ጣቶቿን አንጥቷቸዋል። ደም ከአንሶላ ላይ በምን እንደሚለቅ፣ የትኛው ደም የወሊድ፣ የትኛው የቁስል እንደሆነ ሳትጠየቅ ታውቃለች።

ባሏ ግንበኛ ነበር፤ ለሰው ቤት የሚያቆም፣ የራሱን የሚያፈርስ። ሲመታት ፊቷን አይነካም። ሰው የሚያየውንና የማያየውን ለይቶ ያውቃል። አንድ ጊዜ ብሶባት ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ተረኛው ፖሊስ ከላይ እስከ ታች አያትና፣ «ምን ብትይው ነው?» አላት። ከዚያ፣ «የባልና ሚስት ነገር ነው፤ በቤታችሁ ጨርሱ» ብሎ መለሳት። በቤታቸው የሚጨርሰው ደግሞ ታላቅ ወንድሟ ነበር። ጋሼ ትለዋለች። ዘመዱን ሰብስቦ ይመጣና፣ «ባል ማለት የቤት ጣራ ነው። ጣራ አፈሰሰ ተብሎ ቤት አይለቀቅም» ይላታል።

«ጋሼ፣ ይሄኛው እኮ እኔ ላይ ነው የሚወድቀው» ትለዋለች እሷም። ዘመዱ ይስቃል። ያስታርቃል። ይሄዳል።

አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ማሙሽ። አባትየው እጁን ሲያነሳ ማሙሽ ጥግ ይይዛል፤ ሲያበቃ ደግሞ በኩባያ ውሃ ይዞላት ይመጣል። «ምንም አልሆንኩም፤ ለሰው እንዳትናገር» ትለዋለች። ልጅ ነው፣ ሲያድግ ይረሳዋል ብላ ታስብ ነበር። ግንበኛው ሳንባውን ታሞ ሲሞት አለቀሰችለት። ለምን እንዳለቀሰች ግን እሷም አታውቅም።

አዲሱ ሕግ በሬዲዮ የተነገረ ዕለት እጥበት ክፍሉ ውስጥ አንሶላ እያጠፉ ነበር። ባል ሚስቱን ከመታ ከቤት የሚወጣው እሱ እንጂ እሷ አይደለችም ተባለ። ልጆች አባታቸው ፊት ቆመው አይመሰክሩም፤ ለብቻቸው ክፍል ተቀምጠው ቃላቸው ይሰማል ተባለ። ሚስት ክሴን ትቻለሁ ብትል እንኳ መንግሥት ክሱን አይተውም ተባለ። አብራት የምታጥፈው ወጣት አንሶላውን ይዛ ቆመችና፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች።

«ይጩኽ» አለች እሷ። «ለሚቀጥለው ጅብ ይሆናል።»

የሚቀጥለው ጅብ ስትል የታያት የሌላ ሰው ልጅ እንጂ የራሷ አልነበረም።

ጡረታ ስትወጣ አንዲት የምታውቃት ነርስ ለመጠለያው ጠቆመቻትና የቀን ጥበቃ ሆነች። ሥራውን ወደደችው። አዲስ የመጣች ሴት ሌት ተቀን መስኮት መስኮቱን ስታይ ከሰነበተች በኋላ አንድ ቀን ድንገት ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ እንቅልፍ ሲወስዳት ማየት ደስ ይላት ነበር። «ይቺስ አረፈች» ትላለች። በሩን የሚያንኳኳ አይጠፋም። ቆጣሪ አንባቢ ነኝ የሚል ይመጣል፤ ቤት ጠፋብኝ የሚል ይመጣል። በትንሿ መስኮት አጮልቃ «መጋዘን ነው» ብላ ትመልሳለች። አንዱ፣ «ታዲያ ሽታው የት ሄደ?» ቢላት፣ «በጆንያ የታሰረ ሽንኩርት አይሸትም» ብላዋለች።

ማሙሽ ደግሞ አድጎ መካኒክ ሆነ። ፂሙ እስከ ደረቱ ወርዶም ማሙሽ ነው። በጨርቃ ጨርቅ መደብር የምትሸጥ፣ ሳቋ የሚቀድማት ልጅ አገባና ሴት ልጃቸውን ሚጡን ወለዱ። ለእናቱ ምድጃ የሚጠግን፣ ስትታመም ተሸክሞ ሐኪም ቤት የሚያደርስ ልጅ ነበር። ሰፈሩ «እንዲህ ባለ ልጅ ይባርከኝ» ይል ነበር። አንድ ቀን ልትጠይቃቸው ሄዳ የምራቷን ከንፈር አብጦ አየችው። «በር መታኝ» አለቻት ምራቷ፣ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ። ይህን ቃል እናትየዋ አሳምራ ታውቀዋለች፤ እሷም እጥበት ክፍሉ ውስጥ ስንት ጊዜ ብላዋለች። የሚጡን ፀጉር ደባበሰችና ወደ ቤቷ ሄደች። መንገዱን ሙሉ፣ አይ፣ የኔ ልጅ አያደርገውም፣ እያለች ሄደች።

ምራቷን መጠለያው በር ላይ ያገኘቻት ከዚያ ወራት ቆይቶ ነው። ረፋድ ላይ የፖሊስ መኪና መጥቶ ቆመ። እማማ ቁልፍ አጮልቃ ሳጅኗን ለየቻትና ከፈተች። ሳጅኗ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ በአዲስ መልክ በተከፈተው የሴቶችና ሕፃናት ክፍል የምትሠራ፣ ሰው ባመጣች ቁጥር ቀድማ ወርዳ መንገዱን የምታይ ሴት ናት። ከሷ ቀጥላ አንዲት ትንሽ ልጅ ወረደች። አንድ እግሯ ጫማ አድርጓል፤ ሌላው ካልሲ ብቻ ነው።

«አያቴ» አለች ልጅቷ።

ከኋላዋ ምራቷ ብቅ አለች። ግራ ክንዷ በጄሶ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ አንድ ዓይኗ አብጦ ተከድኗል። በቀረው ዓይኗ አማቷን አየቻት። ልጅቷን በደህና እጇ ጎትታ ወደ መኪናው ተመለሰችና በሩን ከውስጥ ዘጋች።

«ምን ሆነች?» አለች ሳጅኗ ግራ ገብቷት።

«እኔን አይታ ነው» አለች እማማ ቁልፍ። «የልጄ ሚስት ናት።»

የመጠለያው ኃላፊ ተጠርታ መጣች። ምራቷ መስታወቱን በትንሹ ዝቅ አድርጋ፣ «እናቱ ናት። ዛሬውኑ ያውቃል። ሌላ ቦታ ውሰዱኝ» አለች። ሳጅኗ አንገቷን ደፍታ ሌላ ቦታ እንደሌለ ነገረቻት። ሕጉ ለአገር ሁሉ ወጥቷል፤ በዚያ ከተማ ያለው መጠለያ ግን ይኸው አንዱ ብቻ ነበር።

እማማ ቁልፍ ክሩን ከአንገቷ አወለቀች። «እኔ ልውጣላት። እሷ ትግባ።»

«ብትወጪስ ወዴት ትሄጃለሽ?» አለቻት ኃላፊዋ በዝግታ። «ቤትሽ ነው። እሱ ደግሞ የሚመጣው እዚያ ነው። ቦታውን እንደሆነ አንዴ አውቀሽዋል። አሁን ነገሩ በሷና ባንቺ መካከል ነው፤ አነጋግሪያት።»

ወደ መኪናው ቀረበች። 

«ልጄ ነው» አለች። «አይደለም አልልሽም። ግን አባቱ ሲመታኝ የምገባበት በር አጥቼ ነው የኖርኩት። እዚህ ቆሜ ላንቺ አልዘጋም፤ ለሱም አልከፍትም።»

«ከንፈሬ ያበጠ ጊዜ በር መታኝ ስልዎት አመኑኝ?»

«አላመንኩሽም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ፣ ዝም አልኩ።»

 አማቷ «አመንኩሽ» ብላት ቢሆን ኖሮ ምራቷ ምናልባት አትወርድም ነበር። የመኪናው በር ተከፈተና ልጇን ይዛ፣ አማቷን ሳትነካ፣ በአጠገቧ አልፋ ገባች።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ምራቷ ሚጡን ወደ በሩ እንድትጠጋ አልፈቀደችላትም። ልጅቷ ከመጫወቻው ክፍል መስኮት እጇን ታውለበልባለች፤ አያትየዋም ሰው አለማየቱን አረጋግጣ ታውለበልባለች።

እሑድ ማሙሽ እናቱ ዘንድ ለምሳ መጣ። የምስር ሾርባና ዳቦ አቀረበችለት። አልበላም። ግንባሩን በመዳፉ ይዞ አለቀሰ። «ልጄን ይዛብኝ ጠፋች፣ እማዬ።»

«ምን አደረግካት?»

«ምን አደርጋታለሁ? ተጣላን። ባልና ሚስት አይጣላም?»

«በእጅህ ነካሃት ወይ?»

«ገፋ አደረግኳት፤ ወደቀች። ሐኪሙ ነው ለፖሊስ የነገረው። ቃሌን ተቀብለው በዋስ ለቀቁኝ፤ ከቤት እንድወጣና እንዳልጠጋት ደግሞ ፍርድ ቤት አዘዘ። ገዛ ሚስቴን! እኔ እኮ ይቅርታ ልጠይቃት ነው የምፈልገው። የት እንዳለች ብታውቂ ትነግሪኝ ነበር፣ አይደል?»

የወለደ አንጀት ነው። እንባው ከፂሙ ላይ ሲንጠባጠብ ልጅ ሆኖ ታያት። ልታቅፈው ተነሥታ መልሳ ተቀመጠች።

«ሾርባህ ቀዘቀዘ» አለችው።

ማሙሽ ቀና ብሎ አያት። እናቱ ዝም እያለች ያሳደገችው ልጅ ነው፤ ዝምታዋን ማንበብ ያውቅበታል። ሌላ ነገር አልጠየቃትም። ሳህኑን አንሥቶ አጠበላትና ሄደ። በማግስቱ ወደ ሥራ ስትሄድ ከኋላዋ ተከተላት።

በሩን ያንኳኳው ከሰዓት በኋላ ነው። ትንሿን መስኮት ስትከፍት ፊቱ ፊቷ ላይ ነበር።

«እማዬ፣ ሽንኩርቱ ይሄ ነው?»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መለሰችለት። «ሂድ፣ ማሙሽ። እዚህ ከተገኘህ ያስሩሃል። አባቴ፣ ሂድልኝ።»

«ሚጡን ብቻ ልያት። አንዴ አይቻት እሄዳለሁ። እንዴት የገዛ ልጄን ትደብቂኛለሽ?»

በዚህ መሃል ልጆቹ ግቢው ውስጥ ኳስ እያባረሩ ነበር። ከድምፆቹ መካከል የሚጡ ሳቅ ለብቻው ተሰማ። ማሙሽ ደረቀ። ፊቱ ሲለወጥ እናቱ አየች፤ ጥርሱን ሲነክስ፣ አንገቱ ሲወፍር። ይህን ፊት ታውቀዋለች፤ ከቀበረችው ብዙ ዓመት ሆኗታል። መክፈቻዎቹን ከአንገቷ አውልቃ ወደ ኋላዋ፣ ወደ ግቢው ወረወረቻቸው። በዚያው ቅጽበት እጁን በመስኮቱ አስገብቶ ክንዷን ያዘ።

«ክፈቺ አልኩሽ።»

«አልከፍትም።»

ጎተታት። የእጇ አንጓ በመስኮቱ ብረትና በሱ ጉልበት መካከል ቀረ። ሲሰበር ሁለቱም ሰሙት። ማሙሽ እጇን ለቀቀና፣ በልጅነት ድምፁ፣ «እማዬ» አለ። ከዚያ መንገዱ ዳር ተቀመጠ። አልሸሸም። ኃላፊዋ የጠራቻቸው ፖሊሶች የመጡ ጊዜ እንደተቀመጠ ነበር።

እጇ በጄሶ ታስሮ ቤቷ በተኛችበት ጋሼ ዘመዱን አስከትሎ መጣ። አርጅቷል፤ ድምፁ ግን ያው ነው።

«የመንግሥት ሕግ ዛሬ ይወጣል ነገ ይሻራል» አላት። «ሥጋ ግን አይሻርም። ወድቄ ነው በይ።»

«ክሱን የያዘው መንግሥት ነው፣ ጋሼ። እኔ ብተወውም አይተውም።»

«ያንቺ ቃል ከሌለ ይላላል። አንድ ልጅ ነው ያለሽ፤ ማን ይቀብርሻል?»

ዘመዱ ሁሉ ወለሉን እያየ ነበር። 

«ያኔ ባል ጣራ ነው ብለውኝ ነበር» አለችው። «እኔ እኮ ከዚያ ጣራ ስር ልጅ እያሳደግኩ ነበር፣ ጋሼ። ይኸው አደገ።»

ጋሼ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ደጇን አልረገጠም።

ክሱን የያዘችው ዐቃቤ ሕግ፣ እናት ልጇ ላይ እንድትመሰክር እንደማትገደድ በግልጽ ነገረቻት። ምራቷ አለች፣ ሐኪሙ አለ፣ የሚጡም ቃል በራሷ መንገድ ይሰማል። «ከፈለጉ ቤትዎ ይቀመጡ፤ ማንም አይወቅስዎትም» አለቻት። እሷም አስቤ እመለሳለሁ ብላ ሄደች። ስትመለስ የነበራት ቃል፣ «እመጣለሁ» የሚል ብቻ ነው።

ሚጡን የሰሟት ለልጆች ተብሎ በተዘጋጀ ክፍል ነው። ለስላሳ ወንበሮች፣ አንድ ምንጣፍ፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበሩበት። ዳኛው በሌላ ክፍል ሆነው በቴሌቪዥን ይከታተላሉ፤ ልጅቷ አባቷን አታየውም። ምራትና አማት ኮሪደሩ ላይ፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ጫፍና ጫፍ ተቀምጠው ጠበቁ። ሁለቱም የተሰበረ እጃቸውን ታቅፈዋል። ሚጡ ስትወጣ፣ «ብስኩት ሰጡኝ» አለችና ግማሹን ለእናቷ፣ ግማሹን ለአያቷ ሰጠች። አያትየዋ በመሀረቧ ጠቅልላ ያዘችው።

ተራዋ ደርሶ ዳኛው ፊት ስትቆም ወደ ልጇ አላየችም።

«እጅዎትን የሰበረው ማን ነው?»

«ልጄ።»

«የሚጨምሩት ነገር አለ?»

«ቅጣቱን ያክብዱበት አልልም። ያቅሉለትም አልልም። አባቱን ማንም አልጠየቀውም ነበር። አንድ ሰው እንኳ ምነው ብሎት ቢሆን፣ ይሄ ልጅ…» አለች። ሳትጨርሰው ወደ ወንበሯ ዞረች፤ ሳጅኗ ደግፋ አስቀመጠቻት።

ማሙሽ የዓመታት እስራት ተፈረደበት። ሲወስዱት እናቱን ሳይሆን እግሩን እያየ ሄደ።

ሰፈር ውስጥ ስሟ «ልጇን ያሳሰረች» ሆነ። ነገረኛዋ ጎረቤት እንኳ ስለ ሽንኩርት መቀለዷን ተወች፤ የሚገርመው እማማ ቁልፍ የናፈቀችው ያንን ነገር ነበር። ሥራዋን ግን አልለቀቀችም። ጄሶው ሲወልቅ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች። መክፈቻውን በግራ እጇ ማዞር ለመደች።

ምራቷ ክንዷ ሲጠገን እህቷ ወዳለችበት ከተማ ልትሄድ ተነሣች። መደብሩም እዚያ ቅርንጫፍ ስለነበረው አዛወራት። የምትሄድ ዕለት ሚጡን ሳጅኗ ጋር መኪና ውስጥ አስቀምጣ ለብቻዋ ወደ በሩ መጣች።

«እማማ፣ ያደረጉልኝን አልረሳም» አለች። «ግን ሚጡን ላመጣልዎት አልችልም። እርስዎን ሳይ እሱን ነው የማየው። ዓይናችሁ አንድ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች አማቷ። «ሁሌም ሰው ይለኛል።»

ሻንጣዋን በደህና እጇ ተሸክማ እስከ መኪናው ሸኘቻት። ሚጡ በመስታወቱ እያየቻት ነበር። መስታወቱን ለመክፈት ሞከረች፤ አልከፈት አላት። መኪናው ሄደ።

እስር ቤት በጉብኝት ቀን መሄድ ጀመረች። ማሙሽ ግን «አልፈልግም» እያለ አይወጣም። ያጠበችውንና የተኮሰችውን ልብስ ለተረኛው ጠባቂ ሰጥታ፣ የቆሸሸውን ተቀብላ ትመለሳለች። ቤቷ ስትደርስ ሸሚዙን ሳታጥበው በፊት ፊቷ ላይ ታሳርፈዋለች። እንዲህ ሆኖ ወራቱ አለፈ፤ ዓመትም ዞረ።

አንድ የጉብኝት ቀን ልብሱን ልትሰጥ ስትል ተረኛው፣ «ቁጭ ይበሉ፣ እየመጣ ነው» አላት።

ማሙሽ ከሽቦው ባሻገር ተቀመጠ። ፂሙን ተላጭቷል፤ ከስቷል።  በአጠገባቸው ሌሎች እናቶች ከልጆቻቸው ጋር ይጯጯሃሉ።

«እዚህ በክብ ያስቀምጡንና ያናግሩናል» አለ ማሙሽ። «አዲስ ነገር ነው። ሚስቶቻቸውን የመቱትን ሁሉ። መጀመሪያ ሳቅኩባቸው።»

«ስለ ምንድነው የሚያናግሯችሁ?»

«ስለ አባቶቻችን።» ጣቱን ሽቦው ውስጥ አስገብቶ አወጣ። «ልጅ ሆኜ፣ ሳድግ እገድለዋለሁ እል ነበር። ታውቂያለሽ? ከዚያ ሞተና ሁላችሁም አለቀሳችሁ። እኔም አለቀስኩ። ሚጡ አሁን እኔን እንደዚያ የምትል ይመስልሻል?»

እናቱ ልትዋሸው አልፈለገችም፤ እውነቱንም አታውቀውም።

«ትንሽ ናት» አለችው። «እሷን መጠየቅ የሚቻለው ስታድግ ነው።»

ማሙሽ ራሱን ነቀነቀ። ደወል ተደወለና ሰው ሁሉ መነሣት ጀመረ። እሱም ተነሥቶ ፊቱን ካዞረ በኋላ ቆም አለ።

«በሚቀጥለው ስትመጪ ሳሙና አምጪልኝ» አላት።

«ምን ዓይነት?»

«የሆነውን።»

እሺ ብላ ወጣች። አውቶቡስ ውስጥ መስኮቱ ዳር ተቀምጣ እየሄደች ሳለ እንባዋ መጣ። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ምን እንደሆነች ብትጠይቃት፣ ልጇን ጠይቃ እየተመለሰች መሆኑን ነገረቻት። ሴትዮዋም፣ «ደህና ነው?» አለቻት። «ሳሙና አምጪልኝ አለኝ» አለቻት።